ሙሽሪት፣ ፋይልሽን ያዢ

ጥር ሲገባ ነፋስ ስልክ ላፍቶ ድንኳን በድንኳን ይሆናል። ከጀሞ እስከ ሳሪስ፣ ከለቡ እስከ ጎፋ አበባ ያሰረ መኪና ጡሩምባውን እየነፋ ያልፋል። ከሙሽሮቹ መካከል ከዋሽንግተን ወይም ከሚኒሶታ የሦስት ሳምንት ፈቃድ ለምኖ የመጣ አይጠፋም። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው እሱንና ሙሽሪቱን፣ ከሁለቱም ይልቅ ግን የሚያማክራቸውን ሰፈር ለማመስገን ነው።

ድሮ ሠርግ የሚደገሰው ለሰው ነበር። ዘመድ ይብላ፣ እድርተኛ ይጠጣ፣ ጠላት መጥቶ ይይ ተብሎ። ኋላ ቀርነት ነው። ዛሬ የአሜሪካ ሠርግ የሚደገሰው ለአንድ እንግዳ ብቻ ነው። እንግዳው አይበላም፣ አይጠጣም፣ ድንኳኑንም አይረግጥም። እንጦጦ መንገድ ካለው ኤምባሲ ውስጥ፣ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጦ ይጠብቃል። የጥሪ ካርድ አይጻፍለትም፤ የጥሪ ካርዱ ግን ከነፖስታው በማስረጃነት ይቀርብለታል። ክትፎው ቢያንስ ሰው ያማል፤ ፎቶው ቢያንስ ግን ቪዛ ይቀራል። ስለዚህ ከክትፎው ላይ ተቀንሶ ለፎቶው ቢጨመር ማን ይፈርዳል?

ሽምግልናውም ዘምኗል። የቀድሞ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ሲቀመጡ ሰባት ቤት ይቆጠር ነበር፤ የማን ልጅ ነው፣ ይጠጣል ወይ፣ እጁን ያነሣል ወይ እየተባለ ጊዜ ይባክን ነበር። አሁን ጥያቄው አንድ ሆኗል፤ "ታክስ ያሠራል ወይ?" ሚስቱን ለመውሰድ የሚያመለክት ሰው ገቢው የአሜሪካ መንግሥት ካወጣው የድህነት ወለል 125 በመቶ መድረስ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2025 ለሁለት ነፍስ ቤት ይህ በዓመት 26,437 ዶላር ነበር። የሙሽሪት አባት "ልጁ ፈሪሃ እግዚአብሔር አለው" ሲባሉ ጸጥ ይላሉ፤ "ሠላሳ ሺሕ ያሳያል" ሲባሉ ተነሥተው ይመርቃሉ። ገቢው ያልሞላ እንደሆነ አብሮ የሚፈርም ስፖንሰር ይፈለጋል፤ አንደኛ ሚዜ የሚሾመውም በዚሁ መመዘኛ ነው።

ባልየውም ስፖንሰሩም የሚፈርሙት ውል አይ-864 ይባላል። ባልና ሚስት ቢፋቱ እንኳ ውሉ አይፈርስም። ሴቲቱ ዜጋ እስክትሆን፣ ወይም የአሥር ዓመት ያህል የሥራ ዘመን እስኪቆጠርላት፣ ወይም አገሩን ለቅቃ እስክትወጣ፣ ወይም ከፈራሚውና ከእሷ አንዳቸው እስኪሞቱ ይጸናል። በቁርባን አግባ ሲባል "ልጅነት ነው፣ ትንሽ እንተያይ" የሚል ወጣት ይህን ግን ሳያነብ ይፈርማል።

ወደ ፎቶው እንምጣ፤ ዋናው እሱ ነውና። ብሔረ ጽጌ መናፈሻ ስንቱን ሙሽራ አሳልፏል! የድሮዋ ሙሽራ እዚያ ዛፍ ሥር ቆማ ጥርሷን ማሳየት ታፍር ነበር። የዛሬዋ ግን ከዳላስ በስልክ የደረሳት የአጎት መመሪያ አላት፤ ከአማት ጋር አንድ፣ ከባል እህቶች ጋር አንድ፣ ከአያት ጋር አንድ፣ ሁሉም እየሣቁ። ቪዲዮ አንሺው "ተቃቀፉ!" ሲል አባትየው ፊታቸውን ወደ ጽጌረዳው ያዞራሉ። "አባባ፣ እርስዎም ይግቡ እንጂ፣ ቤተሰብ መኖሩ ይታይ" ይባላሉ። ልጃቸውን ሊድሩ የመጡት ሰው ለምስክርነት ይቆማሉ።

ሦስት ሳምንት ደግሞ አጭር ጊዜ ነው፤ ለፍቅር ሳይሆን ለአልበም። ፎቶው ሁሉ የአንድ ሰሞን ከመሰለ "ይህ ጋብቻ ታሪክ የለውም" ይባላልና፣ ብልህ ሙሽሮች የአንድ ዓመት ትዝታ በአንድ ከሰዓት ይጨርሳሉ። ሹራብ ለክረምት፣ ካኔቴራ ለበጋ፣ ሰማዩ ጥርት ቢልም ጃንጥላ። ማታ ሲገመገም "ይቺኛዋ ሐምሌን አትመስልም" የምትል አክስት አትጠፋም። ጥላው በየፎቶው በአንድ አቅጣጫ መውደቁን እስካሁን ያስተዋለ የለም።

ከዚያ ሙሽራው ይበራል፤ የጽሑፍ ሥራው ይጀመራል። እኛ ባልና ሚስት ስንባል በስልክ ብዙ እናወራለን፣ በጽሑፍ ግን ቁጥብ ነን። በኢሞ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወሩ ቢያድሩ ጠዋት የሚታተም ነገር የለም፤ ድምፅ ደረሰኝ አይቆርጥም። ስለዚህ ሚስት በአፏ የጨረሰችውን በጣቷ ትደግማለች። "እንዴት አደርክ፣ በላህ ወይ" ለፋይል አይመጥንም። "ያለ አንተ መኖር አልችልም" ይጻፋል፤ በእንግሊዝኛ ቢሆን ይመረጣል፤ በአማርኛ የናፈቀ ሰው ለአሜሪካው ኢሚግሬሽን ሲያቀርብ ናፍቆቱን ከፍሎ ማስተርጎም አለበትና። ገንዘብም በሰው እጅ አይላክ። ባልየው በየወሩ የሚልከው ለእናቱ መድኃኒት ከሆነ፣ ደግነቱ በሰማይ ይቆጠርለታል፤ በሚስቱ ስም የወጣ ደረሰኝ ከሌለ ግን እዚህ ምድር ላይ ባል አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው "እንዴት ተዋወቃችሁ?" የምትለው ጥያቄ ናት። እውነቱ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ነው። የእሱ አክስትና የእሷ እናት የአንድ እድር ሰዎች ናቸው፤ ሐና ማርያም ንግሥ ላይ ተገናኝተው ወሬ አነሡ፣ ፎቶ ተላከ፣ ልጁ ወደደ፣ ልጅቱም አልጠላችም። አብዛኞቻችን ከዚህ ዓይነት ጋብቻ ነው የተወለድነው። በር ላይ "ዲቪ እንሞላለን፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን" ብሎ የለጠፈው አማካሪ ግን ይህን ሲሰማ ራሱን ይይዛል። "እንዳትይ! ፌክ ነው የሚመስለው።" ስለዚህ ለእውነተኛው ጋብቻ እውነት የሚያስመስለው ውሸት ይሰፋለታል። ሳሪስ ካፌ ተቀምጣ ሳለ ማኪያቶ ተደፋባት፤ አንድ ቁመናው ያማረ ልጅ በሶፍት ጠረገላት፤ ዓይን ለዓይን ተጋጩ። በዚያ ወር ልጁ ሚኒያፖሊስ ታክሲ እየነዳ ነበር፣ ፓስፖርቱም ላይ የመግቢያ ማኅተም የለም። ቢሆንም ታሪኩ ያምራል። ለቆንስላ የሐሰት ቃል የሰጠ ሰው በአሜሪካ ሕግ ለዘለቄታው ቪዛ ሊከለከል እንደሚችል አማካሪው አያነሣም። ሒሳቡን ቀድሞ ተቀብሏል።

ይህ ሁሉ ጥርጣሬ ከየት መጣ ቢባል፣ መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1945 አሜሪካ ከጦርነት የሚመለሱ ወታደሮቿ በባዕድ አገር ያገቧቸውን ሚስቶች እንዲያስገቡ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። ወዲያው የቀድሞ ወታደሮችን ፓሪስ ወስዶ ለወረቀት ሲል የሚያጋባ ቡድን ተገኘ፤ የሉትዋክ ክስ በሚል የሚታወቀው ይህ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1953 ጥፋተኝነታቸው ጸና። የወረቀት ጋብቻን እኛ አልፈጠርነውም ማለት ነው፤ እዚህም ከኋላ ነው የደረስነው። በ1985 ደግሞ የኢሚግሬሽን ኮሚሽነሩ አለን ኔልሰን ሴኔት ፊት ቀርበው፣ በትዳር ከሚቀርቡት ማመልከቻዎች 30 በመቶ ያህሉ የማጭበርበር ናቸው አሉ። በዓመቱ ሕግ ወጣ፤ ለማጭበርበር ጋብቻ እስከ 5 ዓመት እስርና እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት፣ ለአዲስ ተጋቢዎች ደግሞ የሁለት ዓመት የሙከራ ግሪን ካርድ። በኋላ ጥናቱ ሲፈተሽ ቁጥሩ የማይታመን ሆኖ ተገኘ፤ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ይህንኑ አመነ። ያ ቁጥር እንደ አንዲት የጀሞ ልጅ መስታወቱ ፊት ቆሞ "ማስረጃህን አምጣ" ቢባል ኖሮ ተከልክሎ ይመለስ ነበር። ሕጉ ግን እስካሁን አለ።

ልጅቱ መወለዷንም ማሳየት አለባት። ወሳኝ ኩነትን በመላ አገሪቱ መመዝገብ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በመሆኑ፣ ሃያ ስምንት ዓመት የኖረች ሴት ወረዳ ሄዳ የልደት ምስክር ወረቀት የምታወጣው ለዚህ ጉዳይ ብላ ነው። ያላገባች ለመሆኗ፣ ቀጥሎ ያገባች ለመሆኗ፣ ከዚያ የተወለደች ለመሆኗ፤ በወረቀቱ ቅደም ተከተል ከሄድን ካገባች በኋላ ነው የተወለደችው። ጣቷን ቀለም ነክራ ወንጀል አለመሥራቷን ከፌዴራል ፖሊስ ታጽፋለች። ክፍያው ለማመልከቻው እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ተመን በኢንተርኔት 625 ዶላር፣ ከዚያ 325፣ ከዚያ 120፣ መጨረሻ ላይ 235፤ ሕክምናው ሳይቆጠር። ኤክስሬይዋ ላይ ሳንባ ነቀርሳ የሚያጠራጥር ነገር ከታየ የአክታ ካልቸሩ ሁለት ወር ገደማ ይጠይቃል። እሷ ግን መጠበቅ ለምዳለች።

የመጠበቁ ነገር ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ፋይሉ ኒው ሃምፕሻየር፣ ፖርትስመዝ በምትባል ከተማ ተቀምጧል፤ እሷ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ተቀምጣለች። ሥራዋን ለቅቃለች፤ "ልትሄጂ አይደል እንዴ" ተብላ። ትምህርት አልጀመረችም፤ ልትሄድ ነው። ሶፋ አልገዛችም፤ ልትሄድ ነው። ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ጎረቤት "ፕሮሰሱ የት ደረሰ?" ይላታል፤ "ባልሽ ደኅና ነው?" የሚላት የለም። እናቷ ለቁልቢ ገብርኤል ተስለዋል፤ ስለቱም ለትዳሯ ሰላም ሳይሆን ለኢንተርቪው ቀጠሮ ነው። አንድ መጽናኛ አላት። ጋብቻው ሁለት ዓመት ከሞላው በኋላ የገባች ሚስት የሙከራውን ሳይሆን የአሥር ዓመቱን ግሪን ካርድ ታገኛለች። ስለዚህ ያዘገዩአትን ሁሉ ታመስግን፤ ከባሏ ርቃ በቆየች ቁጥር የታመነች ሚስት ትሆናለች።

እዚህ ላይ ለወረቀት ተጋቢዎች የሚገባቸውን ክብር ካልሰጠሁ ግፍ ይሆንብኛል። የእነሱ ፋይል እንከን የለውም። ዋጋው የታወቀ፣ ውሉ የታሠረ ስለሆነ ሥራቸውን በሥርዓት ይሠራሉ። የልደት ቀን አይረሱም፣ አይኳረፉም፣ መልእክት ሳይመልሱ አያድሩም፣ የአማት ስም ሲጠየቁ ከነአያቷ ይጠራሉ። እውነተኛዋ ሚስት ግን ባለፈው ኅዳር ተጣልታው አሥራ አምስት ቀን ዘግታዋለች፤ ቴሌግራሙ ላይ ክፍተቱ ይታያል። ደመወዙን ስትጠየቅ አታውቅም፤ የእኛ ወንድ ደመወዙን መቼ ተናግሮ ያውቃል? የጋራ የባንክ ሒሳብ የላትም፤ እናቷም ከአባቷ ጋር አርባ ዓመት ሲኖሩ አልነበራቸውም። ስሟም በአባቷ ስም እንዳለ ነው። ስትጨነቅ ትንተባተባለች፤ ያኛዋ ግን አትጨነቅም፤ የምታጣው ገንዘብ እንጂ ባል አይደለም። የሁለቱ ፋይል ጎን ለጎን ቢቀመጥ የትኛው ትዳር ይመስላል? ይህን ደግሞ አማካሪያችን በሚገባ ያውቃል፤ ምክሩ ሁሉ ሲጨመቅ እውነተኛዋ ሚስት ከሐሰተኛዋ እንድትማር ነው። ተምራለችም። ባሏ ሲደውልላት ስለ ሕልሟ ከመንገር በፊት "ስክሪንሹት ያዝክ?" ትለዋለች።

የኢንተርቪው ቀን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥታ ከጀሞ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ስድስት ኪሎ፣ ከዚያ ወደ ሽሮ ሜዳ ትወጣለች፤ አልበሙን ታቅፋ። ብዙ ጊዜ አልበሙ አይከፈትም። ሦስት ወይም አራት ጥያቄ፣ ኮምፒውተሩን ጠቅ ጠቅ፣ ከዚያ ወይ ቪዛው ይመታላታል፣ ወይ "ተጨማሪ ማጣራት ያስፈልገዋል" የሚል ወረቀት በመስታወቱ ሥር ይወጣላታል። ያ ሁሉ ጃንጥላና ሹራብ ሳይታይ ይመለሳል። አክስትየው "ሐምሌን አትመስልም ብዬ ነበር" ይላሉ።

ቪዛው የተመታላት ሙሽራም ፋይሉን ቦሌ ጥላ እንዳትሄድ። የሁለት ዓመቱን ካርድ ይዛ ከገባች፣ ካርዱ ሊያበቃ 90 ቀን ሲቀረው ጀምሮ ከባሏ ጋር አብራ አመልክታ ትዳሩ እውነት መሆኑን እንደገና ታስረዳለች፤ ደግነቱ አሁን የመብራትና የቤት ኪራይ ደረሰኝ በሁለቱም ስም ይኖራቸዋል። ባሏ ዜጋ ከሆነ፣ ግሪን ካርድ ካገኘች ሦስት ዓመት አብረው ሲኖሩ ለዜግነት ስታመለክት ይኸው ጥያቄ ይመለሳል። በመሀል ሳይሆንላቸው ቀርቶ ቢፋቱስ? ብቻዋን ማመልከት ትችላለች፤ የፈረሰው ትዳር ሳይፈርስ በፊት እውነተኛ እንደነበር ካስረዳች። ስለዚህ፣ ሙሽሪት፣ ያንን ሰውዬ ዓይንሽ እንዳያይ ብለሽ ፎቶውን ሁሉ ልትቀጂ ስትነሺ፣ የብሔረ ጽጌውን፣ አባባ ፊታቸውን ያዞሩበትን፣ ለይተሽ አስቀሪው።