የአቅም ገንቢው ኑዛዜ

ሥራዬን ሲጠይቁኝ "አቅም እገነባለሁ" እል ነበር። አንዳንዱ ኮንትራክተር እመስለውና የሲሚንቶ ዋጋ ይጠይቀኛል። አላርመውም፤ ሠርግ ቤት ከግራንት ኦፊሰር ይልቅ ኮንትራክተር ይከበራል። ዛሬ ሁለቱንም ስላልሆንኩ እውነቱን መናገር አይከብደኝም።

ቢሯችን አትላስ ነበር፤ ሰፈሩ ስሙን ከወረሰበት ሆቴል ብዙም ሳይርቅ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ። ከውጭ የሚመጣ ገንዘብ እንቀበልና በየገጠሩ ላሉ ማኅበራት እንሰጣለን፤ ለእድር፣ ለውሃ ኮሚቴ፣ ለሴቶች የቁጠባ ማኅበር። ስሙ "አነስተኛ የአቅም ማጎልበቻ ድጋፍ" ነው። አነስተኛ የተባለው እነሱ ጋ የሚደርሰው ነው።

ቃሉን እኔ አላመጣሁትም። በ1994 ዓ.ም. መንግሥት የአቅም ግንባታ ሚኒስቴር የሚባል መሥሪያ ቤት አቋቁሞለት ነበር፤ እኔ ተማሪ ሆኜ ነው። ሚኒስቴሩ አሥር ዓመት ሳይሞላው ፈረሰ። ቃሉ ግን ሰው ማሳደሩን ቀጠለ፣ ከነዚያም አንዱ እኔ ነኝ።

ኃጢአቴን በቅደም ተከተል ልናዘዝ። በ2001 የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 አስተዳደራዊ ወጪ ከ30 በመቶ እንዳያልፍ አዘዘ። ቀጥሎ የመጣው መመሪያ ደግሞ የአሠልጣኝ አበልን፣ ትራንስፖርትን፣ የክትትል ጉዞን ሳይቀር አስተዳደራዊ አደረገው። አቅም መገንባት ማለት እኮ እሱው ነው! እኔ ታዲያ ሥልጠናውን "የማኅበረሰብ ምክክር" ብዬ ክርስትና አነሳሁት። አዳራሹ ያው፣ ሻይና ቦንቦሊኖው ያው፣ አበሉ ያው፤ ባነሩ ብቻ ተቀየረ። በ2011 አዋጅ ቁጥር 1113 ሲመጣ ጣሪያው ወደ 20 በመቶ ቢወርድም የአስተዳደራዊ ወጪ ትርጉም ስለጠበበ ለእኔ ቢጤው ፋሲካ ሆነ። ሥልጠናው የጥንት ስሙን መልሶ አገኘ፣ ባነር እንደገና አሳተምን።

ሁለተኛው ኃጢአት የማመልከቻው ነው። ቅጹ 22 ገጽ ሆኖ በእንግሊዝኛ ነው። የገጠር እድር ይህን መሙላት ስለማይችል ራሴ እሞላለሁ፣ ራሴ አርማለሁ፣ ራሴ ነጥብ እሰጣለሁ። አብዛኛውን ጊዜ 78 ነው የምሰጠው፤ ዘጠና ከሰጠሁ አለቃዬ ይጠረጥራል። ከቅጹ መሐል ሎግፍሬም የሚሉት ሰንጠረዥ አለ፤ በፈረንጆቹ 1969 ለዩኤስኤአይዲ ተብሎ የተሠራ፣ አራት ረድፍ በአራት ዓምድ። የመጨረሻው ዓምድ ከእጃችን ውጭ ሆኖ ሥራውን ሊያበላሽ የሚችለው ነገር የሚጻፍበት ነው። ሁልጊዜ "ድርቅ፣ ግጭት፣ የዋጋ ንረት" እላለሁ። "የግራንት ኦፊሰሩ ስንፍና" ብዬ ግን አንድም ቀን አልጻፍኩም።

ሦስተኛው መንዝ ላይ የሠራሁት ነው፤ እንቅልፍ የሚነሳኝም እሱ ነው።

በ2012 ጥቅምት ላንድክሩዘራችን ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ላይ ወደ ግራ ታጠፈ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እኔ የቦሌ ሸሚዜን ለብሻለሁ። ለአንድ የእድር ማኅበር የሁለት ቀን ሥልጠና ልሰጥ ነው፤ ርዕሱ "የጋራ ሀብት አስተዳደር"። ለማን? ለመንዝ ሰው! የመንዝን ጓሳ የአካባቢው ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል፤ አለቃ መርጦ፣ ሲያሻው ሦስት ሲያሻው አምስት ዓመት ዘግቶ፣ ሣሩ ለቤት ክዳን ሲደርስ ከፍቶ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያናጋውም በኮሚቴ መልሰው አቆሙት። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም እዚያ የሚገኙት በዚህ ነው። ይህን ሁሉ ያነበብኩት ከሥልጠናው በኋላ ነው።

የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ አዛውንት ናቸው። በፕላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር ከጋቢያቸው ሥር አወጡ። ከሃያ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ የሞተው ሰው፣ የተዋጣው፣ የተከፈለው፣ የቀረው ሁሉ ሰፍሯል። ደምሬ አየሁት፤ ሃምሳ ሳንቲም እንኳ አልጎደለም። እኔ ደግሞ የዚያን ዕለት ከፊተኛው ጉዞዬ ያላወራረድኩት 14,000 ብር አለብኝ፤ የፋይናንስ ክፍል ኃላፊዋ ከሁለት ወር በላይ ስትፈልገኝ ስልክ አላነሳሁም። በዚህ ሁኔታ ላይ ቆሜ ነው ፍሊፕ ቻርት ዘርግቼ "መሠረታዊ የሂሳብ አያያዝ" ያልኩት።

አዛውንቱ ጨዋ ናቸው፤ እስከ ምሳ ድረስ ታገሡኝ። ከዚያ "ልጄ፣ እናንተ ዘንድ ገንዘብ ሲጎድል ማን ይከፍላል?" አሉኝ።

"ኦዲተር ይመጣል፣ አባቴ።"

"እሱ ነው የሚከፍለው?"

"የለም፤ እሱም ይከፈለዋል።"

ጎረቤታቸውን አዩ፣ ጎረቤታቸው መሬት አየ። ወደሚቀጥለው ገጽ ገለበጥኩ።

በድጋፉ የገዛንላቸው ላፕቶፕና ባለ አራት መሳቢያ የብረት ፋይል ካቢኔት ነው። መብራት በሌለበት ቀበሌ ላፕቶፕ ምን ያደርጋል አትበሉኝ፤ በጀቱ ላይ ነበረ። ካቢኔቱ ግን ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። መኪና ከሚቆምበት እስከ መንደሩ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። የመጓጓዣ መስመር በጀት ብይዝም በምን እንደሚጓጓዝ አላሰብኩም። የእድሩ ሰዎች ሄደው የሬሳ ቃሬዛቸውን አመጡ። ካቢኔቱን አጋድመው፣ በጠፍር አስረው፣ ስምንት ሆነው በየተራ ተሸከሙት። እኔ ከኋላ ተከተልኩ። መንገድ ላይ ያገኘን ሰው ሁሉ ባርኔጣውን እያወለቀ "ማን ነው ያረፈው?" ይላል፤ ከተሸካሚዎቹ አንዱ "የአዲስ አበባ ሰዎች የላኩት ነው" ብሎ ይመልሳል። አንዲት እናት ሳይሰሙ ቀርተው ትንሽ አልቅሰዋል።

ስንደርስ የተሸካሚ ክፍያ አወጣሁ፤ 1,200 ብር። በእድር ቃሬዛ ተሸክመን ገንዘብ አንቀበልም አሉ። ለገንዘብ ተመላሽ ደብዳቤ መጻፍ እንዳለብኝ ሳስብ ደከመኝ። "በጀት መዝጋት አለብኝ፣ እባካችሁ" ብዬ ለመንኩ። በመጨረሻ አዝነውልኝ ተቀበሉና ለእድሩ ገቢ አደረጉት። ሊፈርሙ ሲሉ ደግሞ "ቲን ቁጥር ያለው ደረሰኝ የምትሰጡኝ አላችሁ?" አልኳቸው። ይህን የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አይደለም።

በ2013 ጥር ለክትትል ተመለስኩ። ካቢኔቱ በአዛውንቱ ቤት ጥግ ቆሟል። የላይኛውን መሳቢያ ሳብኩ፤ ገብስ። ሁለተኛውን ሳብኩ፤ ገብስ። አራቱም የየቤቱ ዘር ናቸው፤ በጨርቅ ከረጢት እየታሠሩ ምልክት ተደርጎባቸዋል። አይጥ በየዓመቱ ዘር ይጨርስባቸው ነበር፤ ብረት ግን አይበላም። "ሰነዱስ?" ብል አዛውንቱ ፕላስቲኩን ከጋቢያቸው ሥር አወጡ።

ከአትላስ ወጥቶ አንድ ነገር ለአንድ ሰው በእርግጥ ሲጠቅም ያየሁት ያን ቀን ነው። ምን አደረግሁ? ሎግፍሬሙ ላይ ገብስም አይጥም የለም። ገብሱን አስወጣኋቸው፣ ከመኪና ሦስት ባዶ ፎልደር አምጥቼ ደረደርኩ፣ ፎቶ አነሳሁ፣ ፎልደሮቼን ይዤ ወጣሁ፣ ገብሱን መልሰው ከተቱ። ሪፖርቱ ላይ "የሰነድ አያያዝ መቶ በመቶ ተሻሽሏል" ብዬ ጻፍኩ። ያ ፎቶ ለሁለት ዓመት በቢሯችን መግቢያ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር።

ከምንሰጣቸው ጥያቄዎች አንዱ "ዘላቂነት" ይባላል። ገንዘቡ ሲያልቅ በምን ትቀጥላላችሁ? ከግማሽ ገጽ ያነሰ መልስ አንቀበልም። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ቃና ዘገሊላ ነበር፤ እኛ ታቦት በሸኘንበት ቀን ዋሽንግተን ላይ የተፈረመ ትእዛዝ የአሜሪካንን የውጭ ዕርዳታ ለ90 ቀን አቆመ። ሰኔ 24 ቀን ዩኤስኤአይዲ የውጭ ዕርዳታ ሥራውን ጨርሶ አቆመ። የእኛ ገንዘብ ከዚያ በቀጥታ አይመጣም ብዬ ለሰው ሁሉ ሳስረዳ ከረምኩ፤ ለካ በሌላ በር ይመጣ ኖሯል። ቢሯችን በራሱ የዘላቂነት ጥያቄ ላይ ሁለት ወር ቆየ። የግድግዳው ፎቶ የት እንደገባ አላውቅም።

በሚያዝያ አዛውንቱ ደወሉ። ስልክ የሚደውልላቸው የልጅ ልጃቸው ነው። "ልጄ፣ ሥራህ ተዘጋ ሲሉ ሰማን። ምን እናዋጣልህ?" አሉኝ። የእድሩ ደንብ ላይ ለሥራ አጥ የሚል አንቀጽ ባይኖርም ተሰብስበው ተነጋግረውበታል። አመስግኜ ደህና ነኝ አልኩ፤ ይህም ሌላ ውሸት ነው።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ገርጂ ያለው የራሴ እድር ትዝ አለኝ። ዘጠኝ ወር አልከፈልኩም፤ የክፍያው ቀን እሑድ ስለሆነ ሁልጊዜ "ፊልድ ነኝ" እላለሁ። በቀጣዩ እሑድ ሄድኩ። ውዝፍ 900፣ ቅጣት 180፣ ድምሩ 1,080 ብር። ጸሐፊዋ መነጽራቸውን አድርገው በሰማያዊ እስክሪብቶ ጻፉና ቀደው ሰጡኝ።

ቲን ቁጥር የለውም። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።