ፊርማ የሌለው ስም ማጥፋት

ሞንታርቦውን ለምደነዋል። ምርጫ ሲቀርብ ድምፅ ማጉያ አናቱ ላይ የታሰረ መኪና ጠዋት በአማርኛ፣ ከሰዓት በሀዲይሳ እየጮኸ ሆሳዕናን ይዞራታል። ዱራሜ ቢወርዱ ያው ጩኸት በከምባትሳ ይጠብቃል። ሕፃን ያስለቅሳል፣ ሕመምተኛ ከእንቅልፉ ያባንናል። ይሁን፤ መኪናው ላይ የፓርቲው ምልክት ተለጥፏል፤ ማን እንደሚጮኽብን እናውቃለን። ያንገሸገሸን ያ ባለቤት የሌለው ነው፤ ሌሊት በቴሌግራም ገብቶ ጠዋት ቡና ላይ የሚነሳው።

ደብዳቤ ነው። አርማ አለው፣ ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ሰማያዊ ክብ ማኅተም አለው፤ ግርጌው ላይ «ግልባጭ» ተብሎ የሦስት መሥሪያ ቤት ስም ተደርድሯል። እገሌ የተባለው ዕጩ ተወዳዳሪ ከዚህ በፊት ከሠራበት ቦታ በገንዘብ ጉድለት ተባሯል ይላል። ማኅተሙ ለምን የፈራሚውን ስም ብቻ መርጦ እንደሸፈነ የሚጠይቅ የለም። አጭበርባሪው እኮ ጠንቃቃ እንኳ አይደለም! ክልላችን በነሐሴ 2015 ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ከሆነ ወዲህም የድሮውን የደቡብ ክልል አርማ እንደተሸከመ የሚዞር ደብዳቤ አለ። ማኅተም ያየ ሰው አርማ አይመረምርም። ቢመረምርም «ያለ ነገርማ አይወራም» ይልና ያልፈዋል።

እንዲህ ያለ ወሬ እዚህ አገር ውስጥ ብቻ ቢዞር አንድ ነገር ነው። የኛ ሰፈር ወሬ ግን ደቡብ አፍሪካ ደርሶ ይመለሳል። ከሀዲያና ከከምባታ ልጁን ወይም ወንድሙን ወደዚያ ያልላከ ቤት ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ልጁ ጆሃንስበርግ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ከጓደኛው የደረሰውን ለሾኔ እናቱ ያስተላልፋል። እናት ለጎረቤቷ ታሳያለች፤ ጎረቤት ለእድሩ። እስቲ አንድ ሰው ይህችን እናት «እማማ፣ ይሄ ሐሰት ነው» ብሎ ያሳምናት! ወር በወር ብር የሚልክላት ልጇ የላከው ወሬ ውሸት ነው ማለት ልጇን ውሸታም ማለት ነው። ሞክሬ አይቻለሁ፤ ቡናው ሁለተኛው ሳይደርስ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት።

ድሮም ቢሆን የምርጫ ሰሞን ንጹሕ አልነበረም። በግንቦት 1992ቱ ምርጫ የፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ ወገን ሀዲያ ውስጥ ገዥውን ፓርቲ ሲያሸንፍ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የተባለውን የሰማ ሰው ዛሬም አለ። ስብሰባ ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ተነስቶ ያስፈራራል፤ አስፈራሪው ግን ፊት ለፊት ቆሟል፣ አባቱም ቤቱም ይታወቃል። በ2002ቱ ምርጫ ደግሞ አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት መጣ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በጥቅምት 2003 ባወጣው ሪፖርት ማዳበሪያና ሴፍቲኔት ተቃዋሚን ለማስፈራሪያ እንደዋሉ ጽፏል፤ መንግሥት አስተባብሏል። መጥፎ ጊዜ ነበር፣ አልናፍቀውም። ግን ቢያንስ ማን እንዳስፈራራህ ታውቃለህ፤ ገበያ ስታገኘው ሰላምታ ትነሳዋለህ፤ ያቺም አንድ ነገር ናት።

የ1997ቱን ምርጫ ያየ ደግሞ ማጣመም ምን እንደሆነ ያውቃል። ተቃዋሚው ቅንጅት መሬት በግል ይያዝ አለ። ፖሊሲ ነው፤ ደግፎም ተቃውሞም ክርክር ይቻላል፤ ኢሕአዴግም ገበሬው ቸግሮት መሬቱን ሸጦ ከተማ ይፈስሳል ብሎ መከራከሩ ወግ ነው። ገጠር ሲወርድ ግን ክርክሩ ቀረና ባላባቱ ሊመለስ ነው፣ ጭሰኛ ልትሆኑ ነው ሆነ። ጭሰኝነት በ1967ቱ አዋጅ ቀርቷል። ማሳው ከእንሰት ጓሮው ብዙም ለማያልፍ የከምባታ ገበሬ ግን አያቱ የነገረው ታሪክ ነው፤ እንዲህ ያለውን ፍርሃት ማን መልሶ ያስቀምጠዋል? አዲስ አበባ ላይ የሩዋንዳው ጨፍጫፊ ቡድን የኢንተርሃምዌ ስም በተቃዋሚ ላይ ተለጠፈ፤ ያውም በይፋ፣ በባለሥልጣን አንደበት። የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢዎችም ይህን ያህል የከረረ ንግግር አሳስቦናል ብለው ጻፉ።

ተቃዋሚውም ጻድቅ አልነበረም። ፕሮፌሰር በየነና ዶክተር መረራ ጉዲና ከምርጫው በኋላ ፓርላማ እንግባ ሲሉ ከባዱ ውርጅብኝ የመጣው ከኢሕአዴግ ይመስላችኋል? ከገዛ ወገናቸው ነው፤ ውጭ አገር ካለው የፓርቲዎቻቸው ጥምረት የኅብረት ክንፍ። ተሸጡ ተባለ። በስንት ተሸጡ፣ ለማን ተሸጡ፣ የጠየቀም የመለሰም የለም።

ስድስተኛው ምርጫ ሰኔ 14 ቀን 2013 ሊካሄድ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ሰኔ 9፣ ፌስቡክ አንድ ነገር አወጣ። 65 የፌስቡክ አካውንት፣ 52 ገጽ፣ 27 ግሩፕና 32 የኢንስታግራም አካውንት ዘግቻለሁ አለ። እኔ ነኝ ባይ የሌላቸው፣ በሐሰት ስም የሚሠሩ ናቸው፤ ብልጽግናንና ጠቅላይ ሚኒስትሩን ያወድሳሉ፣ ኦነግንና ሌሎች ተቃዋሚዎችን ያብጠለጥላሉ። ከጀርባ ያሉት ከመንግሥቱ የመረጃ መረብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከኢንሳ ጋር ግንኙነት ያላቸው ግለሰቦች ናቸው ሲልም ጨመረ። መንግሥት ላይ ጣቴን ለመቀሰር አይደለም ያነሳሁት፤ ተቃዋሚ ነኝ የሚለውም የራሱ ፋብሪካ አለው። ያነሳሁት ከላይክ ብዛት «ሕዝቡ እኮ እንዲህ እያለ ነው» ያልነው ሁሉ ትዝ ብሎኝ ነው። ሕዝቡ የት አለ? አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ጥቂት ሰዎች ናቸው።

አሜሪካኖቹም ይዋሻሉ፤ እንዲያውም በዚህ ጥበብ አባቶች ናቸው። በእኛው በ1956 ዓ.ም መጨረሻ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን አበባ ስትቆነጥር የነበረች ሕፃንና የአቶሚክ ፍንዳታ በአንድ ማስታወቂያ አሳይቶ፣ የተፎካካሪውን የባሪ ጎልድወተርን ስም እንኳ ሳይጠራ አገር አስደነገጠ፤ በክፍያ የተላለፈውም አንዴ ብቻ ነው። ከፈረንጆቹ 2002 ወዲህ ግን ለፌዴራል ምርጫ የሚወዳደር ዕጩ ማስታወቂያው ላይ በገዛ ድምፁ «ይህን መልእክት አጽድቄዋለሁ» እንዲል ሕግ አስገድዶታል። ውሸቱ አልቀረም፤ የውሸቱ ባለቤት ግን ታወቀ። እኔ ከዚህ በላይ አልጠይቅም። ስደቡን፣ ግን ስማችሁን ጻፉ! ቅጽል ስም ሳይሆን የአባት ስም ጭምር።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰት ያሰራጨውን ቅጣት ያከብድበታል። መልካም። ታዲያ የቴሌግራም ደብዳቤ ተከታይ አለው ወይ? እያንዳንዳችን ለስድስት ለሰባት ሰው እያስተላለፍን ነው ሆሳዕናን የሚያዳርሳት፤ ስንቱ ይከሰሳል? ደግሞ የጥሞና ጊዜ የሚባል አለ፤ ድምፅ ሊሰጥ ጥቂት ቀን ሲቀር ቅስቀሳ ይቆማል። ሞንታርቦው እውነትም ጸጥ ይላል። ቴሌግራሙ ግን የሚብሰው ያኔ ነው፤ መልስ መስጠት ቅስቀሳ ስለሚሆን የተሰደበው ዕጩ ድምፅ እስኪሰጥ አፉን ዘግቶ ይሰደባል።

ለነገሩ አፉን ቢከፍትም አይጠቅመውም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እሱ የሚሰማው ከተማው ሁሉ ከጠገበው በኋላ ነው። አንድ ምሽት አንድ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የወጣበት ዕጩ ሲናገር ተቀምጬ ሰማሁ። የተሰጠው ጊዜ አጭር ነበር። መጀመሪያ አልሰረቅኩም አለ። ቀጥሎ ያልሰረቀበትን መሥሪያ ቤት ዘረዘረ። ከዚያ ከቀድሞ አለቃው ያጻፈውን ወረቀት አውጥቶ ማንበብ ጀመረ፤ ደብዳቤውን ያላዩት ከኋላ የተቀመጡ ሰዎችም ስልካቸውን እያወጡ «የቱ ነው? ላክልኝማ» መባባል ያዙ። ፊት ወንበር ላይ አንዲት ሴት እጇን አውጥታ ቆይታለች። ስለ ቧንቧ ውኃ ልትጠይቅ ነበር፤ ሰፈሯ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። መድረክ መሪው ሰዓቱን አየና ጊዜው አልቋል አለ።