ለመጨረሻው ረድፍ የተዘፈነ

አሬና ሮክ የሚባለው የሙዚቃ ዘርፍ ከዐሥር ሺህ በላይ ተመልካች በሚይዙ የስፖርት አዳራሾችና ስታዲየሞች እንዲዘፈን ታስቦ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በአሜሪካ የተስፋፋ የሮክ ዓይነት ሲሆን፣ ሐያስያን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲንቁት፣ ሕዝቡ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲገዛው ኖሯል። የዘርፉ ዋና ምስክር ሆኖ ሊጠራ የሚችለው ጆርኒ የተባለው የሳን ፍራንሲስኮ ባንድ በ1981 ያወጣው “ኢስኬፕ” የተሰኘ አልበም ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አልበሙ በወጣበት ዓመት የአሜሪካን የአልበሞች ሰንጠረዥ በአንደኝነት የመራ ሲሆን፣ ከአርባ ዓመት በኋላ በ2021 ደግሞ በአገሩ 10 ሚሊዮን ቅጂ ለደረሱ ሥራዎች የሚሰጠውን የዳይመንድ ደረጃ አግኝቷል። ይህ ሁሉ የታወቀ ነው፤ እስካሁን በወጉ ያልተመረመረው ነገር አልበሙ በሰሜን ቴክሳስ በፍሪስኮ ከተማ በሚኖረው ሐበሻ አባወራ ላይ ያለው ሥልጣን ነው።

ፍሪስኮ ከዳላስ በስተሰሜን 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ ስሟንም ከሴንት ሉዊስ–ሳን ፍራንሲስኮ የባቡር መስመር የወሰደች ከተማ ናት። አልበሙ በወጣበት ዘመን በእርሻ መካከል ያለች ትንሽ ከተማ ስትሆን፣ በ1990 እንኳ 6,141 ነዋሪ ብቻ ነበራት፤ በ2020 የሕዝቧ ቁጥር 200,509 ደርሷል። በዚህም ምክንያት በፍሪስኮ የአገሬው ተወላጅ የሚባል ሰው በቀላሉ የማይገኝ ሲሆን፣ ከአምስት ዓመት በፊት የገባ ሰው ስለ ድሮዋ ፍሪስኮ በናፍቆት ቢያወራ ማንም አይስቅበትም። ሐበሻው ወደዚህች ከተማ የሚመጣው በአብዛኛው ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት ብሎ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ፣ እድሩና እንጀራው ግን በዳላስና በጋርላንድ በኩል ስለሚቀሩ፣ የዕድሜውን ጉልህ ክፍል ዳላስ ኖርዝ ቶልዌይ በተባለው የክፍያ መንገድ ላይ ይጨርሳል። በመኪናው ውስጥ ከፊት ወንበር ጥላሁን ገሠሠ ይጠየቃል፤ ከኋላ ወንበር ደግሞ ስሙን አባት ሊጠራው የማይችለው ዘፋኝ ይጠየቃል፤ ይህ ውዝግብ የሚበርደው ማንም ወገን የእኔ ነው በማይለው በ92.5 ኤፍ ኤም፣ ማለትም ክላሲክ ሮክ የሚባሉትን የቆዩ የሮክ ሥራዎች በሚያጫውተው ጣቢያ ነው። እዚያ ላይ የ“ኢስኬፕ” መክፈቻ የሆነው “ዶንት ስቶፕ ቢሊቪን” (“እምነትህን አትተው” እንደማለት) የመጣ እንደሆነ፣ ሮክ ጩኸት ነው እያለ የኖረው አባወራ ከግጥሙ የመጨረሻዎቹን አናባቢዎች ብቻ እየያዘ መሪውን በጣቱ ሲመታ ይታያል።

ይህ ክስተት በአኩስቲክስ፣ ማለትም የድምፅን ጠባይ በሚመረምረው ሳይንስ፣ ሊብራራ ይችላል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከመድረኩ 100 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው ተጨማሪ ድምፅ ማጉያ በአጠገቡ ካልተተከለለት በስተቀር የከበሮውን ምት የሚሰማው ከሩብ ሰከንድ በላይ ዘግይቶ ነው፤ በደቂቃ 119 ያህል ምት ባለው በዚህ ዘፈን ደግሞ አንዱ ምት የሚፈጀው ግማሽ ሰከንድ ብቻ ስለሆነ፣ የመጨረሻው ረድፍ ተመልካች ምንጊዜም ከሙዚቀኞቹ ከግማሽ ምት በላይ ወደ ኋላ የቀረ ነው። በዚያ ላይ ድምፁ ከግድግዳና ከጣሪያ እየነጠረ ስለሚመለስ፣ ፈጣንና ጥልፍልፍ ያለ ሙዚቃ በእንዲህ ያለ አዳራሽ ውስጥ ተደበላልቆ ይቀራል። የዘርፉ ባለሙያዎች በልምድ የደረሱበት መላ ዜማውን ሰፋ፣ ምቱን ቀለል፣ አናባቢውን ረዘም ማድረግ ነበር፤ የጆርኒው አቀንቃኝ ስቲቭ ፔሪ አንዲት አናባቢ ይዞ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ዘግይቶ የመጣ ሰው እንኳ ሳታበቃ ይደርስባታል።

የሰው ጆሮ በተለይ ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርዝ ባሉት ቀጫጭን ድምፆች ላይ ንቁ መሆኑም ለፔሪ ዓይነቱ ድምፅ ትልቅ እርዳታ ነው። ይህን ሳይንስ የሐበሻ እናቶች ፊዚክስ ሳይማሩ ሲሠሩበት ኖረዋል። የዳላስ ካውቦይስ ቡድን በሚለማመድበት፣ በ2016 በተከፈተውና 12,000 ሰው በሚይዘው የፍሪስኮ ፎርድ ሴንተር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ምርቃት ሲካሄድ፣ ታዳሚው የሁሉም ስም ተጠርቶ እስኪያልቅ በጸጥታ እንዲቆይ ምንም ያህል ቢለመን፣ ከላይኛው ረድፍ የተለቀቀች አንዲት እልልታ ያለ ማይክሮፎን መድረኩ ላይ ታርፋለች፤ ተመራቂዋ የማን ልጅ እንደሆነችም በዚያች ቅጽበት በትምህርት ወረዳው ሁሉ ይታወቃል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የዚሁ መክፈቻ ዘፈን አወቃቀር ነው። በፖፕ ሙዚቃ ልማድ አዝማቹ፣ ማለትም እየተመለሰ የሚዘፈነውና ሰው ሁሉ የሚቀበለው ክፍል፣ በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ ብቅ ማለት ሲገባው፣ በዚህ ሥራ ርእሱን የያዘው አዝማች የሚደርሰው ሦስት ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያህል ካለፈ በኋላ፣ ዘፈኑ ሊያልቅ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይቀረው ነው። ችኩል አድማጭ ይህን እንደ ጉድለት ሊቆጥረው ይችላል፤ ሐበሻው ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ትዕግሥት ከልጅነቱ የሠለጠነ ነው። ለጋብቻ የተላኩ ሽማግሌዎች ለምን እንደመጡ ቤቱ በሙሉ እያወቀ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱና ስለ ጤና ግማሽ ቀን ተጫውተው በመጨረሻ ወደ ጉዳያቸው ሲገቡ ያየ ሰው፣ በሦስተኛው ደቂቃ የመጣን አዝማች እንዲያውም ቸኩሏል ሊለው ይችላል።

የአዝማቹ አመጣጥም ለስደተኛ ጆሮ የተለየ ጣዕም አለው። በ1980 ባንዱን የተቀላቀለው የኪቦርድ ተጫዋች ጆናታን ኬን ቀደም ባሉት ዓመታት በሎስ አንጀለስ ኑሮ ጠምሞበት፣ ይባስ ብሎም ውሻውን መኪና ገጭቶበት የእንስሳት ሐኪም ሒሳብ ሲመጣበት፣ ቺካጎ ለነበሩት አባቱ ደውሎ ገንዘብ እንደተበደረ፣ ሁሉን ትቶ ወደ ቤት ይመለስ እንደሆነ ሲጠይቃቸውም እምነቱን እንዳይተው እንደመከሩት፣ ምክሩንም በማስታወሻ ደብተሩ እንዳሰፈረው ራሱ ተናግሯል። የፍሪስኮው አባወራ የታሪኩን ሁለተኛ ክፍል ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል፤ ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ በስልክ የመጣች “አይዞህ” ያላቆመችው ስደተኛ የለምና። የሚያስቸግረው የመጀመሪያው ክፍል ነው። በሐበሻ ታሪክ ገንዘብ በእንዲህ ያለ የስልክ ጥሪ ከልጅ ወደ አባት እንጂ ከአባት ወደ ልጅ ሲሄድ እምብዛም አይታወቅም፤ የብድሩ ምክንያት የውሻ ሕክምና መሆኑ የተሰማ እንደሆነማ፣ ከአገር ቤት የሚመጣው መልስ ለአዝማችነት የሚበቃ ቃል አይወጣውም ነበር።

በዘፈኑ ላይ ከተነሡት ጥያቄዎች ትልቁ የመልክዐ ምድር ነው። ግጥሙ ከሁለቱ ገጸ ባሕርያት አንዱን በደቡብ ዲትሮይት ያደገ ያደርገዋል፤ ይሁን እንጂ ከዲትሮይት መሀል ከተማ በቀጥታ ወደ ደቡብ የሄደ ሰው ወንዙን ተሻግሮ የሚገባው የካናዳዋ ዊንዘር ውስጥ ሲሆን፣ ፔሪም ስሙን የመረጠው ለጆሮ ስለተስማማው እንደነበረና እንዲህ ያለ ሰፈር አለመኖሩን የሰማው በኋላ እንደሆነ ገልጿል። ለሚቺጋን ተወላጅ ይህ ስሕተት ነው፤ ለመጤው ግን ያልታሰበ እኩልነት ነው። ማንም ሊያድርበት ያልቻለ ሰፈር ለሁሉም እኩል ባዕድ ስለሆነ፣ ዲትሮይትን በካርታ ላይ ማሳየት የማይችል ሰው እዚያው ከተወለደው ባልተናነሰ መብት ይዘፍነዋል። የአልበሙ ዕድሜ የረዘመበት ምሥጢር ከዚህ ብዙ የራቀ አይመስልም፤ ከመጀመሪያው የተሠራው ርቆ ለተቀመጠ፣ ዘግይቶ ለሚሰማና ቃሉን ግማሽ በግማሽ ለሚይዝ ሰው ስለነበረ፣ ስደተኛው ሲደርስ መቀመጫው ተዘጋጅቶ ቆየው።

በዚያው በ1981 ዋልያስ ባንድ ከማሕሙድ አሕመድና ከጌታቸው ካሳ ጋር ሆኖ ለትርኢት ወደ አሜሪካ መጥቶ እንደነበር እዚህ ላይ መጥቀስ ይገባል። ባንዱ በአዲስ አበባ ሒልተን ለዓመታት የተጫወተ ሲሆን፣ በደርግ ዘመን በነበረው የሰዓት እላፊ ገደብ ምክንያት ያመሸ ታዳሚ ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል እስከ ንጋት መጫወትን የለመደ ነበር፤ አሬና ሮክ በቲኬት ያገኘውን፣ ማለትም የማይወጣ ታዳሚን፣ የአዲስ አበባ ሙዚቀኞች በመንግሥት ትእዛዝ አግኝተውት ነበር። ከጉዞው በኋላ ከአባላቱ ከፊሎቹ በአሜሪካ ቀሩ። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን አካባቢ ለዓመታት ታክሲ እየነዳ፣ ደንበኛ በሚጠብቅበት ሰዓት በመኪናው ውስጥ በባትሪ በሚሠራ ኪቦርድ ሲለማመድ ኖሮ፣ በ1985 ያወጣው የአኮርዲዮን ካሴት በ2013 እንደገና ሲታተም ወደ ዓለም መድረክ ተመልሷል። እምነትን አለመተው በተግባር ምን እንደሚመስል ለሚጠይቅ ሰው፣ ከሁለቱ ኪቦርድ ተጫዋቾች የተሻለው አስረጅ ሰንጠረዥ የመራው አይደለም።

ጆርኒም በተራው የቪዛ ጉዳይ አላመለጠውም። ፔሪ ባንዱን ከለቀቀ ከዓመታት በኋላ፣ መሪ ጊታር ተጫዋቹ ኒል ሾን በ2007 ዩቲዩብ ላይ የባንዱን ዘፈኖች የሚጫወት አርኔል ፒኔዳ የተባለ ፊሊፒናዊ አግኝቶ ለሙከራ ጠራው። በልጅነቱ እናቱን አጥቶ በማኒላ ጎዳና ያደረው ፒኔዳ መልእክቱ ሲደርሰው በመጀመሪያ ማታለያ መስሎት ነበር፤ በኋላም በአሜሪካ ኤምባሲ ለቃለ መጠይቅ ቀርቦ የጉዞውን ምክንያት ሲያስረዳ፣ ሠራተኛው እስኪ ዝፈን አለው፤ ዘፈነ፤ ቪዛውም ተሰጠው። ይህ ዐረፍተ ነገር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሁለት ጊዜ ሊነበብ የሚገባው ነው። የባንክ ደብተር፣ የቤት ካርታ፣ የድርጅት ደብዳቤና የሠርግ ፎቶግራፍ ተሸክሞ በእንጦጦ መንገድ በኩል ተሰልፎ ባዶ እጁን የተመለሰ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ ከተመለሱትም መካከል ድምፀ መረዋ የሆኑ ሰዎች እንደነበሩ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ዝፈኑ ያላቸው አልነበረም።

ሐያስያኑ እንዲህ ያለውን ሙዚቃ “ኮርፖሬት ሮክ”፣ ማለትም ከስሜት ይልቅ ለገበያ የተቀመመ የኩባንያ ሮክ፣ ይሉት ነበር፤ ለዚህም ማስረጃ አላጡም። በ1982 ዳታ ኤጅ የተባለ ኩባንያ በአልበሙ ስም ለአታሪ ማጫወቻ የቪዲዮ ጨዋታ ያወጣ ሲሆን፣ የተጫዋቹ ተግባር አምስቱን ሙዚቀኞች ከኮንሰርት በኋላ 50,000 ዶላር እንደያዙ ከአድናቂዎች፣ ከፎቶ አንሺዎችና ከአታላይ የኮንሰርት አዘጋጆች አሳልፎ፣ በአልበሙ ሽፋን ላይ ወደሚታየው ጢንዚዛ መሰል መንኮራኩር ማድረስ ነበር። የዚያ ዘመን ማሽኖች የሚታዩበት ብሔራዊ የቪዲዮ ጨዋታ ሙዚየም እዚያው ፍሪስኮ ውስጥ በ2016 መከፈቱ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ዶላር ይዞ ቦሌ የወረደ ሰው ግን የዚህን ጨዋታ ሕግ ለመረዳት መመሪያ አያስፈልገውም። ሐያስያኑን በተመለከተ፣ የአልበሙ መክፈቻ ዘፈን በ2007 “ሶፕራኖስ” የተባለው ተከታታይ ድራማ የተደመደመበት ሙዚቃ ከሆነና በ2022 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በቅርስነት ከሚጠብቃቸው ቅጂዎች ተርታ ከገባ በኋላ፣ ብዙዎቹ ድሮም እንወደው ነበር ማለት ጀምረዋል።

በዚህ ሁሉ መካከል ሰው እምነቱን እንዳይተው የሚመክረው ባንድ አባላት እርስ በርስ በፍርድ ቤት ተካሰዋል፤ በ2022 የቀረበው ክስ የባንዱን የክሬዲት ካርድ ሒሳብ የማየት መብትን የሚመለከት ነበር። የዳላስ ሐበሻ በዚህ አልተደነቀም። በ1984 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ በ2012 ዓመታዊ ውድድሩን በዳላስ ሲያካሂድ፣ ከእርሱ የተለየው ቡድን በዚያው ሰሞን በዋሽንግተን የራሱን ውድድር አካሂዶ ነበር፤ ሕዝቡም ማን ትክክል እንደሆነ እየተከራከረ በሁለቱም ከተሞች ጨፍሯል።

የአልበሙ መዝጊያ የሆነው “ኦፕን አርምስ” ፓወር ባላድ ከሚባለው ወገን ነው፤ ይህም በፒያኖ ለስለስ ብሎ ተጀምሮ ጊታርና ከበሮ እየገቡ የሚያገዝፉት የፍቅር ዘፈን ማለት ሲሆን፣ በ1982 በአሜሪካ ሰንጠረዥ ስድስት ሳምንት ሁለተኛ ሆኖ ቆይቶ አንደኝነትን ሳያይ ወርዷል። በአካባቢው ሐበሻ ሠርግ ላይ ይህኛው ዕድል የለውም፤ ለስለስ ያለውን ቦታ ትዝታ አስቀድሞ ይዞታል። መክፈቻውን ግን እዚህ ተወልደው ያደጉት ልጆች ትግርኛው፣ ኦሮምኛውና ወሎው ከተጨፈረ በኋላ ዲጄውን ለምነው ያስገቡታል፤ ኮታቸውን ይዘው ለመሄድ የተነሡት አባቶችም ሦስቱን ደቂቃ በሩ አጠገብ ቆመው ይጠብቁና፣ አዝማቹ ሲደርስ ተመልሰው ይገባሉ። አዳራሹ የተከራየው እስከ እኩለ ሌሊት ብቻ ስለሆነ ጠባቂው መብራቱን ያበራል፤ ዲጄውም አንድ ጉራጊኛ ብቻ እንዲጨምር ይለመናል።