መስመሩን አብራው፣ አንተ ልጅ!

በስታዲየም በኩል የምታልፉ ሁሉ፣ እስቲ አንገታችሁን ቀና አድርጉና የተሰቀለውን ባነር እዩልኝ። ብቻዬን ከምቃጠል አብረን እንቃጠል። የስልክ ቁጥሩ ወደ ታች አዘንብሏል። የድርጅቱ ስም ከጠርዙ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ጎን ለጎን የተደረደሩት ፎቶዎችማ እኩል ናቸው ይባላል እንጂ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ፣ አንዱ ጭራሽ ጎረቤቱን ረግጦ ቆሟል። ከ2008 ጀምሮ በአናታችን ላይ የሚያልፈው ባቡር እንኳ፣ ይዘግይ እንጂ፣ ሲመጣ ሐዲዱን ይዞ ነው የሚመጣው።

እኔ ታፔላ ስጽፍ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ቆርቆሮው ቀለም ተቀብቶ ሲደርቅ መጀመሪያ የማነሳው ክር ነበር፤ ብሩሹ ኋላ ነው። ክሩን በጠመኔ አሽቼ፣ ሁለቱን ጫፍ ወጥሬ፣ መሐሉን ሳብ አድርጌ ስለቀው ጧ! ቀጥ ያለ ነጭ መስመር። ለፊደሉ አናት አንድ፣ ለእግሩ አንድ፣ ለዳርና ዳሩ ደግሞ ለየብቻ። ጽሑፉ ከደረቀ በኋላ ጠመኔውን በጨርቅ እጠርገዋለሁ፤ ባለሱቁ መስመር እንደነበረም አያውቅ።

ይህን ሁሉ ያስለፈለፈኝ እድራችን ነው። «ነገሩን አንተ ታውቅበታለህ» ብለው ባነር አሠራ አሉኝ። የሰፈራችንን የድሮ ቡድን ፎቶ ይዤ፣ ከኋላ የቆሙ፣ ከፊት ቁጢጥ ያሉ፣ ኳሷ መሐል ላይ፣ እዚያው ስታዲየም አካባቢ አንድ ማተሚያ ቤት ገባሁ። ልጁ ፎቶሾፕ ከፈተ፣ ፎቶውን ጣል አደረገው፣ ከዚያ ጽሑፉን በማውስ እየጎተተ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያነጣጥር ጀመር።

«ልጄ፣ ይህ ነገር መስመር የለውም?»

«ግሪድ? አለው ፋዘር። አያስፈልግም፣ በዓይኔ አየዋለሁ።»

በዓይኑ! ዕድሜ ልኬን ቆርቆሮ ላይ ያፈጠጥኩት እኔ ዓይኔን አምኜው አላውቅም፤ እሱ ጢሙ ሳያቀጥል ዓይኑን አመነ።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ድካም የሌለው መሆኑ ነው። የልጅ ልጄ አሳይታኛለች። ኮንትሮልን ይዞ የነጠላ ጥቅስ ምልክቷን ሲነኩ ገጹ በሙሉ በቀጫጭን መስመር ይሞላል። ኮንትሮልና አር ሲነኩ ማስመሪያው ከላይና ከግራ ብቅ ይላል፤ ከእሱ ላይ መስመር እየጎተቱ የፈለጉበት ማኖር ነው። ስንት ዓምድ ይሁን፣ በመካከሉስ ስንት ክፍተት ይተው ብሎ የሚጠይቅ «ኒው ጋይድ ሌይአውት» የሚሉትም አለ፤ ቁጥሩን ሞልቶ መቀመጥ ነው፣ እሱ ያሰምራል። ክር የለ፣ ጠመኔ የለ፣ የሚጠረግ የለ። ማጥፋቱን ቢረሱት እንኳ አይታተምም።

«ካልታተመ ታዲያ ምን ይሠራል ፋዘር?» ይለኛል። ወይ ፈጣሪዬ! ግንበኛው ውሃ ልኩን ግድግዳው ላይ ትቶት ይሄዳል እንዴ?

የብራና ጸሐፊዎቹ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን? ቆዳውን ወጥረው፣ ፍቀው፣ አለስልሰው ሲያበቁ ወዲያው ብርዕ አያነሡም። ዳር ዳሩን በወስፌ ይወጉታል፣ ከቀዳዳ ቀዳዳ ያለ ቀለም ተጭነው ያሰምሩታል፤ ሁለት ዓምድ፣ ሲያሻ ሦስት። አንዲት ፊደል ሳትጻፍ ገጹ ተሰምሮ ያድራል። የድሮ መጽሐፍ ገልጣችሁ ብርሃን በጎን ብታበሩበት ያ መስመር ዛሬም ይታያል። ቃሉ ከዓምዱ ካላለቀስ? ከመሐሉ ቆርጠው ቀሪውን ወደ ታች ያወርዱታል፤ ሰረዝ የለ፣ ይሉኝታ የለ። የዛሬው ልጅ ግን ረጅሙን ቃል እንዳለ ወደ ታች ገፍቶ ከላይ ፍየል የሚያሾልክ ክፍተት ይተዋል። በ1914 የተመሠረተው ብርሃንና ሰላም ደግሞ ፊደሉ እርሳስ፣ ክፍተቱም እርሳስ በነበረበት ዘመን መስመሩን ላጥፋው ቢሉት እንኳ የሚጠፋ አልነበረም።

ጮኼ ጮኼ ልጁ ግሪዱን አበራልኝ። ባነሩ በሜትር የታዘዘ፣ ግሪዱ በኢንች የተከፈለ! እሱን አስተካከልን። ቀጥሎ «ስናፕ» የሚባለውን አበራና ፊደሉ ሁሉ እየዘለለ መስመሩ ላይ ይለጠፍ ጀመር። በቃ፣ አሁን ደግሞ ዓይኑን ጭራሽ ዘጋ። «ለ» ሁለት እግር አላት፣ መስመሩ ላይ ትቆማለች። «ሀ» ግን ሆዷ ክብ ነው፤ ልክ መስመሩ ላይ ስትቀመጥ ተንሳፋ ትታያለች። ትንሽ ዝቅ አድርጋት አልኩት። «ፋዘር፣ ግሪዱን አብራ አላሉኝም?» አብራው አልኩህ እንጂ ተገዛለት አልኩህ እንዴ!

ከሁሉ የባሰው ፎቶው ነው። ሊቆርጠው ሲል ሥዕሉን ለዘጠኝ የሚከፍል መስመር መጣ። ፊቶቹን ከላይኛው መስመር ላይ አኖራለሁ ብሎ ከታች ቀነጠሰው፤ ኳሷ ሄደች፣ የፊተኞቹም እግር አብሮ ሄደ።

«ምን አደረግህ?»

«ሩል ኦፍ ተርድስ ነው ፋዘር።»

«ማነው እሱ? ለየትኛው ቡድን ነው የተጫወተው?»

ኳስ ተጫዋች ያለ እግር! ያውም ጥር 1954 ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን፣ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ የአፍሪካን ዋንጫ ከጃንሆይ እጅ በተቀበለበት ስታዲየም ሥር! ያኔም ሜዳው በኖራ ተሰምሮ ነበር፤ የፍፁም ቅጣት ምቷ ነጥብ 11 ሜትር ላይ ነበረች፤ ማንም ግን መስመሩ ስላለ ብሎ የተጫዋች እግር አልቆረጠም።

እግራቸውን አስመለስኩ፣ ኳሷንም አስመለስኩ። «ሀ» ዝቅ አለች። ሒሳብ ልከፍል ስል «የዲዛይን ተጨማሪ» የሚል ነገር ደረሰኙ ላይ ተቀምጧል። ምንድነው ብለው፣ ግሪድ ያበራሁበት ነው አለኝ። ሁለት ቁልፍ ለመንካት! ተጨቃጭቄ አስቀነስኩና፣ ለሚቀጥለው ደንበኛ ይጠቅማልና መስመሩ እንደበራ ይቆይ አልኩት። «እሺ ፋዘር» አለ። ገና ከበሩ ሳልወጣ አጠፋው።