ሰባት ቤት የቆጠረ ላፕቶፕ፦ ለወላጅ ኮምፒዩተር አመራረጥ ላይ የተካሄደ የአንድ ሳሎን ጥናት

ይህ ጥናት የተካሄደው አዲስ አበባ፣ በአንድ ሳሎን ውስጥ ነው። የናሙናው መጠን ሁለት ነው፤ አንድ አባትና አንዲት እናት። ናሙናው ለምን አነሰ የሚል አንባቢ ቢኖር፣ አጥኚው ያሉት ወላጆች እነዚሁ ብቻ መሆናቸውን በትሕትና ይገልጻል።

መነሻው አባቴ አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ የተናገሩት ነገር ነው። «ለእድሩ ቃለ ጉባኤ የሚሆን፣ ቀለል ያለ፣ ርካሽ ኮምፒዩተር ፈልግልኝ» አሉ። እናቴም ከጓዳ ሆነው «የልጆቹ ፊት ጎላ ብሎ የሚታይበት ይሁን» ሲሉ አከሉበት። ልጆቹ የሚባሉት ቨርጂኒያ ያሉት የእህቴ ልጆች ናቸው። የመጀመሪያው ጥያቄ በሙያው ቋንቋ የጽሕፈት ሥራ፣ ሁለተኛው የቪዲዮ ጥሪ ይባላል። ሁለቱንም ገበያ ላይ ያለ ደህና ኮምፒዩተር ሁሉ ይሠራቸዋል። ጥናቱ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። አምስት ወር ፈጀ።

አስቀድሞ ቃላቱን መበየን ግድ ሆነ። «ርካሽ» በአባቴ አገባብ ዋጋው የተቀነሰለት ዕቃ ነው። ከስንት ወደ ስንት እንደተቀነሰ በብያኔው ውስጥ አይገባም። በዚህም ምክንያት «ዋጋ አይቀነስም» የሚል ወረቀት የለጠፉ ሱቆች፣ የሚሸጡት የቱንም ያህል ቢረክስ፣ ከጥናቱ ተሰርዘዋል። «ቀለል ያለ» የሚለው ደግሞ ስለ አጠቃቀሙ እንጂ ስለ ክብደቱ አይናገርም። በክብደት በኩል የአባቴ አቋም የታወቀ ነው፤ ዕቃ ከበደ ማለት ውስጡ ነገር አለው ማለት ነው። አምራቾች ላፕቶፕን ለማሳሳት የደከሙት ድካም እኛ ቤት የሚቆጠረው ከዕቃው ላይ እንደ መስረቅ ነው።

«ኮምፒዩተር» የሚለው ቃል ራሱ አከራክሯል። አባቴ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት በነበሩበት መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ማለት ጠረጴዛ ሙሉ ነገር ነበር፤ ስክሪኑ ለብቻ፣ ሳጥኑ ለብቻ፣ ኪቦርዱ ለብቻ፣ የአቧራ መከላከያ ላስቲኩ ለብቻ። ላፕቶፕ በእሳቸው ዓይን ግማሽ ዕቃ ነው። አጥኚው የዴስክቶፕን መልካም ጎን አልካደም፤ ሲበላሽ የተበላሸው ክፍል ብቻ ይቀየራል፣ ለዚያው ብር የተሻለ ጉልበት ይገኝበታል። ነገር ግን መብራት በሄደ ቁጥር ያላስቀመጡትን ጽሑፍ ይዞ ድርግም ይላል። ያንን ለማስቀረት ዩፒኤስ ይገዛል። የዩፒኤሱም ባትሪ በጥቂት ዓመታት ይደክምና ሌላ ባትሪ ይጠይቃል። ላፕቶፕ ግን ባትሪውን በሆዱ ይዞ ነው የሚዞረው። ይህን እያስረዳሁ ሳለ መብራት ሄደ። በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ተፈጥሮ ለአጥኚ እንዲህ ፈጥና የመሰከረችበት ጊዜ ብዙ አይደለም።

እህቴ በበኩሏ «እኔ ከዚህ እልካለሁ» አለች። ይህ አማራጭ የተመዘነው ከቀደምት ጥናቶች አንጻር ነው። ከዓመታት በፊት ከአሜሪካ የመጣ የጁስ መፍጫ እኛ ቤት ሶኬት ላይ ተሰክቶ ለሁለት ሰከንድ ያህል እጅግ በሚያስደንቅ ፍጥነት ሠርቷል። የእነሱ መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ነው። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ዕቃ በሙሉ በጥርጣሬ ይታያል። የላፕቶፕ ቻርጀር ሁለቱንም እንደሚችል ለማሳየት የራሴን ገልብጬ በጀርባው የተጻፈውን «100-240» አመለከትኳቸው። አባቴ መነጽራቸውን አድርገው ደጋግመው አነበቡት።

«100 አለ። 240ም አለ። 220 የታል?»

ጥያቄው እስካሁን ክፍት ነው። ለማንኛውም እህቴ ሰው ሲገኝ እልካለሁ ብላ ነበር፤ የተገኘው ሰው ሻንጣው ሞልቶ ነበር።

ስለዚህ መገናኛ ሄድን። በአዲስ አበባ ገበያ እጅ በማይነክስ ዋጋ የሚገኘው ላፕቶፕ በአብዛኛው ያገለገለ ነው። ዴል ላቲቲዩድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ፤ ሁሉም ለድርጅት ሠራተኛ ተብለው የተሠሩ፣ በውጭ አገር ቢሮዎች ጥቂት ዓመታት አገልግለው በጅምላ የተሸጡ፣ ብዙዎቹም በዱባይ በኩል ዞረው የመጡ ናቸው። በዚያው ዋጋ ከሚገኝ አዲስ ላፕቶፕ እነዚህ ይሻላሉ። ርካሹ አዲስ ከላይ እስከ ታች ፕላስቲክ ነው፤ የእነዚህ ማጠፊያ ጠንካራ ነው፣ ውስጣቸውም ተፈትቶ ይጠገናል። ይህን ሁሉ ለአባቴ በሁለት ቃል አስረዳኋቸው፤ «ጡረተኞች ናቸው።» ፊታቸው ሲለሰልስ አየሁ። ሻጩን «ስንት ዓመት አገልግሎ ነው የወጣው? በሰላም ነው የወጣው?» ብለው ጠየቁት። «ፋዘር፣ ይሄ የአሜሪካ ነው፤ ንጹሕ ዕቃ ነው» አለ ሻጩ፤ ጥያቄው ያልገባው መሰለኝ።

አባቴ ዕቃ የሚመርጡት የፋሲካ በግ በሚመርጡበት ዘዴ ነው። መጀመሪያ አንሥተው መዘኑት። ቀጥለው ጀርባውንና ሆዱን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ። ከዚያ አፉን ከፍተው ጥርሱን አዩ፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየነኩ፣ አንዱ ሲነቃነቅባቸው «ይሄ ሊወልቅ ነው» ብለው መለሱት። የቀራቸው መሬት ላይ አቁመው ሲራመድ ማየት ብቻ ነበር። አጥኚው በመጀመሪያ አፍሮ ራቅ ብሎ ቆሟል። ኋላ ሲያመዛዝነው ግን ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዛ መታየት ያለበት ይኸው ሆኖ አገኘው፤ ማጠፊያው ላልቶ እንደሆነ፣ ገላው ተሰንጥቆ እንደሆነ፣ ቁልፎቹ ሁሉ ይጽፉ እንደሆነ፣ ባትሪው ውስጥ ለውስጥ አብጦ ሆዱን ገፍቶት እንደሆነ። ዘዴው የማይደርስበት ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል የሚለው ብቻ ነው፤ እሱም ቻርጀሩን ነቅሎ ግማሽ ሰዓት ጠብቆ ይታወቃል። አባቴ ግማሽ ሰዓቱን በዋጋ ክርክር ሞሉት።

አሁን ወደ ዋናው ግኝት እንመጣለን።

«ስንተኛ ጀነሬሽን ነው?» አልኩት ሻጩን። አባቴ ዞር አሉ። «እሱም ይቆጠራል?»

ይቆጠራል። በኢንቴል ኮር አይ5 ስም ላይ ከሰረዙ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ነው፤ 6300ዩ ስድስተኛ፣ 7300ዩ ሰባተኛ፣ 8350ዩ ስምንተኛ ነው። ቁጥሩ ለጌጥ አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከስምንተኛ ጀነሬሽን በታች ያለ የኢንቴል ፕሮሰሰር አልቀበልም ይላል። በመደርደሪያው ላይ ዋጋቸው የሚጥመው ግን ስድስተኛና ሰባተኛዎቹ ናቸው፤ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 እና ጂ4፣ ቲንክፓድ ቲ470። ስምንተኛው ከጂ5 እና ከቲ480 ይጀምራል፤ ዋጋውም አብሮ ይወጣል።

አጥኚው ይህን ለአንድ ጡረተኛ እንዴት እንደሚያስረዳ ሦስት ሌሊት ሲጨነቅበት ነበር። አላስፈለገም። አባቴ እስከ መጨረሻው ከሰሙ በኋላ «ገባኝ። እስከ ሰባት ቤት ዘመድ ነው፤ አይጋባም» አሉ።

አጥኚው ጉዳዩ ከዚህ በተሻለ ተገልጾ የትም አላነበበም። አገር ቤት ሽማግሌዎች ልጅ ከመታጨቷ በፊት በሁለቱም ወገን ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ ከሰባት ወዲህ ከተገናኙ ነገሩ በቡና ተሸኝቶ ይቀራል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መስፈርት በየአገሩ ብዙ ሰው አስቆጥቷል፤ ደህና የሚሠራ ዕቃ ያስጥለናል ብለው። አባቴን አላስቆጣቸውም። እንዲያውም «እነዚህ ሰዎች ወግ ያውቃሉ» አሉ።

ሻጩ ተስፋ አልቆረጠም። «ፋዘር፣ በዘዴ እንጭንልዎታለን፤ ሰባተኛም ላይ ይሠራል» አለ። ሐሰት አይደለም፤ መስፈርቱን ዘሎ የሚጭን መንገድ አለ። ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ለተጫነ ኮምፒዩተር ማሻሻያ እንደሚደርሰው ዋስትና አይሰጥም። አባቴ ይህንንም ለመፈረጅ ጊዜ አልወሰደባቸውም። «ተደብቆ የተጋባ ነዋ። ዘመድ የሰማ ቀን ይፈርሳል።»

ስምንተኛው ተገዛ። ባለ 14 ኢንች፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ። ስለ ራም፣ 8 ይበቃል። ስለ ኤስኤስዲ፣ በዚህ ዘመን በሃርድ ዲስክ የሚነሳ ኮምፒዩተር ለወላጅ መስጠት ያሳደገን ሰው ማስቀየም ነው። አባቴ ሦስት ጊዜ ከሱቁ ወጥተው ሦስት ጊዜ ተጠርተው ተመለሱ፤ በመጨረሻም ቦርሳና ማውዝ ተመረቀላቸው። ስለዚህ በብያኔው መሠረት ርካሽ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው በየትኛውም የኮምፒዩተር መግዣ ምክር ላይ አጥኚው ያላጋጠመው መለኪያ ነው፤ ዳንቴል። እናቴ በስልክ «14 ኢንች» ሲባል ሰምተው ሻንጣ ከፈቱና የድሮውን የ14 ኢንች ቴሌቪዥን ዳንቴል አወጡ። ቴሌቪዥኑ ከኋላው የተቆለለ ጉብታ ስለነበረው ዳንቴሉ የተሠራው ያንን ሁሉ እንዲያለብስ ነው። ላፕቶፑ ላይ ሲጣል ከሥሩ ዕቃ ያለ አይመስልም። ነገሩ ውበት ብቻ ቢሆን አጥኚው ባልገባበት ነበር። ነገር ግን ላፕቶፕ ቀዝቃዛውን አየር በሥሩ ስቦ ሞቃቱን በጎኑ ወይም በጀርባው ይተነፍሳል፤ መተንፈሻው ሲሸፈን ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ብሎ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ስለዚህ እኛ ቤት «ኮምፒዩተሩ ተንቀራፈፈ» የሚል አቤቱታ ሲቀርብ ከቫይረስ በፊት የሚመረመረው ዳንቴሉ ነው። ከብዙ ድርድር በኋላ እናቴ በሥራ ሰዓት እንዲገለጥ ተስማሙ፤ ግማሹ። ማታ ቡፌው ውስጥ ከእንግዳ ብርጭቆዎች ጎን ያድራል። እነዚያ ብርጭቆዎች ከተገዙ ጀምሮ የጠጣባቸው እንግዳ የለም፤ የአያያዙን ደረጃ ከዚህ መገመት ይቻላል።

በሳምንቱ ስልክ ተደወለ። «ኢንተርኔቱ እምቢ አለ።»

አባቴ ኮምፒዩተሩን ሲከፍቱ ሰዓቱ ተሳስቶ አግኝተውታል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስምንት ይላል። ዓመቱም 2026 ይላል። ኃላፊነት እንደሚሰማው ሰው ሁለቱንም አስተካከሉ፤ ሰዓቱን ሁለት፣ ዓመቱን 2018 አደረጉት። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያሳዩበት የምስክር ወረቀት ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሚል ዕድሜ አለው። ኮምፒዩተሩ ራሱን በፈረንጆች 2018 ላይ ስላገኘው፣ የሚቀርብለት ወረቀት ሁሉ ገና ያልተጻፈ ሆነበት፤ ማንንም አላስገባም አለ። ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ ማሳሰቢያ ነበር። ተርጉም ተባልኩ። «ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል» ይላል አልኩ።

አባቴ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። «ኋላ ቀር አለኝ?»

በጎን ለመጥቀስ ያህል፣ በእሳቸው አቆጣጠር ላይ በነበረው ኮምፒዩተር ዊንዶውስ 10 ገና በሙሉ ጤንነት ላይ ስለነበር፣ መገናኛ ላይ ያደረግነው የዘር ቆጠራ ለዚያ ሳምንት ሁሉ ከንቱ ነበር። አሁን ኮምፒዩተሩ የፈረንጆቹን ይዞ እንዲኖር ተፈቅዶለታል። ከበላዩ የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ተሰቅሏል፤ ሁለቱ ሲጋጩ የሚታመነው የቱ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

እናቴ የልጆቹን ፊት በትልቁ አዩ። «በስልክ ሳያቸው ደህና ነበሩ፤ ከስተዋል» አሉ። ይህ የስክሪኑ ጥራት ማረጋገጫ ተደርጎ ተመዝግቧል።

የእድሩ ነገር ትንሽ ዘገየ። የድሮው መተዳደሪያ ደንብ በፍላሽ መጣና ሲከፈት ጭረትና ነጥብ የበዛበት የማይነበብ ነገር ሆነ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ቢሮዎቻችን የጻፉት ፊደላችንን በላቲን ፊደል ወንበር ላይ በሚያስቀምጡ ሶፍትዌሮች ነበር። ፎንቱ ከሌለ ፊደሉ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ወንበሩ ይቀራል። ለቀብር ያልወጣ አባል ስለሚከፍለው ቅጣት የሚናገረው አንቀጽም እንዲሁ ሆኖ ተገኘ። ቅጣት ያለባቸው ሁለት አባላት ደንቡ ባለበት እንዲጸድቅ ሐሳብ አቅርበው ነበር። ፎንቱ ተጫነ፤ ቅጣቱም ተመለሰ።

ባለፈው እሑድ የእድሩ ሊቀ መንበር ልጃቸው የሰጣቸውን ላፕቶፕ በጋዜጣ ጠቅልለው እኛ ቤት መጡ። አባቴ ተቀብለው መዘኑት። ጀርባውን ጫን ጫን አደረጉ። አፉን ከፍተው ጣታቸውን በጥርሱ ላይ አስኬዱ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞሩ «ስንተኛ ነው ይላል ልጁ?» አሉ።

«ሦስተኛ ነው ይላል።»

አባቴ ክዳኑን ቀስ ብለው ዘጉ። «ይሄማ የአክስት ልጅ ነው» ብለው ከነጋዜጣው መለሱላቸው።