ወደ ሃያ ሁለት የተደረገ ጉዞ

በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በካስኬድ ተራሮች፣ የተራራ እግር ጉዞ «ወቅት መጀመሪያ» የሚባለው፣ ከተማው አበባ ለብሶ ነዋሪው ካፖርቱን ሲሰቅል በተራራው ላይ ግን የብርዱ ወራት በረዶ ገና ያልለቀቀበት፣ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ የሚዘልቀው የማያስተማምን ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ ወደ ተራራ ሐይቅ የሚወጣ መንገደኛ ጉዞውን በጸደይ ጀምሮ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው በብርዱ ወራት መካከል ራሱን ያገኘዋል።

ከሲያትል በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ግራናይት ፎልስ ከምትባለው ትንሽ ከተማ አለፍ ብሎ፣ በፒልቸክ ተራራ ሰሜናዊ ገደል ሥር የሚገኘው ሌክ ትዌንቲቱ ይህን በሚገባ ያሳያል። በሲያትል የሚኖሩ ጥቂት የአዲስ አበባ ልጆች በግንቦት መጀመሪያ በአንድ ቅዳሜ ወደዚሁ ሐይቅ ለመሄድ ሲቀጣጠሩ፣ ጠሪው ስሙን በአማርኛ «ሃያ ሁለት» ብሎ ስለነገራቸው፣ ከተጋባዦቹ አንዱ በአዲስ አበባው ሃያ ሁለት ሰፈር ስም አዲስ የተከፈተ ሥጋ ቤት መስሎት አፍንጫው ሹል የሆነ የቆዳ ጫማ አድርጎ መጣ። ስሕተቱ የታወቀው ከተማው አልቆ በመንገዱ ግራና ቀኝ ዛፍ ብቻ መታየት ከጀመረ በኋላ ነው። ይሁንና «ለዚህች ኮረብታ ምን ጫማ ያስፈልጋታል» ተብሎ ጉዞው ቀጠለ።

የዚህ ድፍረት መሠረቱ ጂኦግራፊ ነበር። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 730 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ የሽሮ ሜዳ ልጅ ወደዚያ የሚወርድ እንጂ የሚወጣ አይደለም የሚለው ሐሳብ መኪናው ውስጥ ያለ ተቃውሞ ጸደቀ። የተዘነጋው ኬክሮስ ነው። ኬክሮስ፣ ማለትም አንድ ቦታ ከምድር ወገብ ያለው ርቀት በዲግሪ ሲለካ፣ አዲስ አበባን በ9ኛው፣ ሐይቁን በ48ኛው ዲግሪ ያስቀምጣቸዋል። ከዚህም በላይ ከሰላማዊ ውቅያኖስ የሚነሣው እርጥብ አየር ተራሮቹን ሲወጣ እየቀዘቀዘ በረዶ ሆኖ ስለሚወርድ፣ ሐይቁም በገደሉ ጥላ ውስጥ ስለሚውል፣ የወረደው በረዶ ቶሎ አይቀልጥም።

ደርሶ መልስ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መንገድ የሚጀምረው በጥንታዊ ደን ነው። ጥንታዊ ደን ማለት መጥረቢያ ያልገባበት፣ የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ዛፎች፣ ቆመው የደረቁና ወድቀው የሚበሰብሱ ግንዶች አብረው የሚገኙበት ደን ሲሆን፣ በወደቀው ግንድ ጀርባ ላይ ችግኞች ስለሚበቅሉ የደን ባለሙያዎች ሞግዚት ግንድ የሚል ስም ሰጥተውታል። የአገሪቱ የደን አገልግሎት ይህን ስፍራ በ1947 እ.ኤ.አ. ለምርምር የከለለው፣ ያልተነካው ደን ከሚቆረጠው ጋር እንዲነጻጸር ነው።

ከመንገደኞቹ የአንዱ እናት፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከደቡብ ጎንደር የመጡ ወይዘሮ፣ የጥድ ዘመድ የሆነውን ሬድ ሴዳር የሚባለውን ግዙፍ ዛፍ ባዩ ጊዜ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው አማተቡና «ታቦቱ የማን ነው ልጄ?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው የሚያስቅ አይደለም። በሰሜን ኢትዮጵያ ከቀሩት የተፈጥሮ ደኖች ብዙዎቹ የሚገኙት በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነውና፣ የወይዘሮዋ ግምት ከማንም ባለሙያ ግምት አያንስም። ልጃቸው «እማዬ፣ ታቦት የለውም፤ የመንግሥት ነው» ቢላቸው «የመንግሥት ሆኖ ሳይቆረጥ?» ብለው ሳያምኑት አለፉ።

ዛፉ ሳስቶ መንገዱ የድንጋይ ቁልል ላይ ሲወጣ በረዶው ተጀመረ። በዚህ ወራት የበረዶው ገጽ ጠንካራ ቢመስልም፣ ከሥሩ ውኃ ስለሚፈስ፣ በድንጋዮቹም ዙሪያ ቀድሞ ስለሚቀልጥ፣ ውስጡ ክፍት ይሆንና የረገጠውን እግር እስከ ጭን ይውጠዋል። ሹሉ ጫማም በዚህ ሕግ መሠረት ከባለቤቱ ተለይቶ ከበረዶው ሥር ቀረ፤ እሱን ለማውጣትም ከመኪናው ጀምሮ የመጣው የከፍታ ሐሳብ እስኪረሳ ድረስ በእጅ ተቆፈረ። ወይዘሮዋ ግን በፊታቸው ያለውን በረዶ በምርኩዛቸው እየወጉ፣ ቀደም ሲል ያለፉ ሰዎች በረገጡበት እየረገጡ፣ ከሁሉም ቀድመው ደረሱ።

ከሐይቁ ዳር የቆመው ባለ ቆዳ ጫማ «ሐይቁ የታለ?» ብሎ ጠየቀ፤ ፊቱ የተዘረጋው ነጭ ሜዳ እሱ ነበር። ከፒልቸክ ገደል የተናደ በረዶ በሩቁ ሲያጓራ ወይዘሮዋ ዝናብ መጣ አሉ። ይህ የበረዶ ናዳ በጸደይ የተለመደ ስለሆነ፣ ከገደሉ ሥር ወዳለው የሐይቁ ማዶ በዚህ ወራት መሻገር ሕይወትን ሊያስከፍል ይችላል።

በ1906 እ.ኤ.አ. በሲያትል የተመሠረተው ዘ ማውንቴነርስ የተባለው የተራራ ወጪዎች ማኅበር መንገደኛ ሊይዛቸው የሚገቡ አሥር ነገሮችን ይዘረዝራል፤ ካርታ፣ የእጅ መብራት፣ ተጨማሪ ልብስና ምግብ ከነዚህ ውስጥ ናቸው። መንገደኞቹ ከዝርዝሩ ምግቡን ከሚፈለገው በላይ አሟልተው፣ በቀረው ፋንታ ጀበና፣ ስኒና ረከቦት ተሸክመዋል። በተከለለው ስፍራ እሳት ማንደድ ክልክል ስለሆነ ጀበናው ተራራውን ጎብኝቶ ተመለሰ፤ ወይዘሮዋም ቡና የማይፈላበት ስፍራ ደብር ሊሆን እንደማይችል በመጨረሻ አመኑ።

የበረዶው መጠን በየዓመቱ ስለሚለያይ፣ ከሐምሌ በፊት ወደዚያ ለመውጣት የሚያስብ አንባቢ ስለ መንገዱ ሁኔታ የደን አገልግሎቱን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ምርኩዝና ውኃ የማያስገባ ጫማ አይለየው፤ ቡናውንም ከቤት አፍልቶ በፔርሙስ ይያዝ።