ዶሮ የማያሳርድ ጥንቆላ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ። የዘንድሮው ጉድ ግን በካርቶን ታሽጎ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ የአጠቃቀም መመሪያ ተጨምሮበት ነው የመጣው። እኔ እንኳ ብዙ ነገር ከውጭ አገር ሲገባ አይቼ ዝም ያልኩ ሰው ነኝ። ስንዴው መጣ፣ ዘይቱ መጣ፣ ልባሹ መጣ። ሟርት ግን ጎድሎን ያውቃል? ለመሆኑ በሟርት ማን ይቀድመናል? ሲኒ አንባቢው፣ ሞራ ገላጩ፣ ጠጠር ጣዩ፣ ኮከብ ቆጣሪው፣ መዳፍ ተመልካቹ፤ ከጉለሌ አንዱ ሰፈር ብቻውን ለአውሮፓ በቅቶ ለሌላ የሚተርፍ ነበር እኮ!

ልብ በሉ፣ ጥንቆላ ደግ ነው አልወጣኝም። ኃጢአት ነው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 ላይ ቁልጭ ብሎ ተከልክሏል፤ እኔም በወር በ21 ከእንጦጦ ማርያም ደጅ የማልጠፋ ሰው ነኝ። የምለው፣ ኃጢአትም ቢሆን በወጉ ይሠራ ነው።

ባለፈው በ21 ለክረምት ከአሜሪካ የመጣችው የልጄ ልጅ ማርያምን ተሳልማ ስታበቃ ከቦርሳዋ ሦስት ፓኮ ካርታ አወጣች። እዚያው ቅጽሩ ውስጥ ልትዘረጋው! አበስኩ ገበርኩ። እጇን ይዤ ከመንገዱ በታች ወዳለው ባሕር ዛፍ ሥር ወሰድኳት። እመቤታችን እንዳታየን ብዬ አይደለም፣ እሷማ ምን ይሰወራታል። ዲያቆኑ እንዳያየን ነው።

ታሮት ይሉታል። 78 ካርታ ነው። 22ቱ ባለማዕረጎች ናቸው፤ ንጉሥ፣ እቴጌ፣ ባሕታዊ፣ ሞት፣ ሰይጣን፣ ፀሐይ፣ ጨረቃ። የቀሩት 56ቱ ጭፍሮች ናቸው፤ ጽዋ፣ ሰይፍ፣ በትርና ሳንቲም ተብለው በአራት ወገን ይሰለፋሉ። አብሮኝ የሚሳለመው ጡረተኛ የታሪክ መምህር ገና ሲያየው ጉሮሮውን ጠረገ። እሱ ጉሮሮውን ከጠረገ ምሳ አለፈ ማለት ነው።

ነገሩ የተጀመረው ጣሊያን አገር ነው አለን፤ እ.ኤ.አ. በ15ኛው ክፍለ ዘመን። የሚላኖው መስፍን ፊሊፖ ማሪያ ቪስኮንቲ ሠዓሊ ቀጥሮ በወርቅ ያስለብጠው የነበረ የመኳንንት መጫወቻ ነው፤ ጥንቆላ የሚባል ነገር አልነበረበትም። በዚያው ዘመን እኛ ዘንድ የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434-1468) ደግሞ ሟርተኛውን እያሳደዱ፣ ሕዝቡ ደስክ የሚባለውን መንፈስ መካዱን በእጁ ላይ እንዲጽፍ ያዝዙ ነበር። እነሱ ወርቅ ሲቀቡ እኛ ስንገረፍ! በካርታው ከሦስት መቶ ዓመት በላይ እንደ ኮንከር ሲጫወቱበት ከኖሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1781 ኩር ደ ጀብላ የሚባል ፈረንሳዊ ብድግ ብሎ የጥንት ግብፃውያን የጥበብ መጽሐፍ ነው አለ። ማስረጃ? የለውም። የግብፅን ጥንታዊ ጽሕፈት ሻምፖልዮን የሚባል ሰው የፈታው ገና እ.ኤ.አ. በ1822 ነው። ግብፅ ዓባይን ለእኔ ስትል ሰምተናል፤ ይህን ግን እሷም አልጠየቀችም፣ እንዲሁ በነፃ ነው የተሰጣት።

የመጀመሪያው ፓኮ ለዛሬዎቹ ሁሉ አባት ነው ተባልኩ። እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን የወጣ ነው። ሐሳቡን ያመጣው አርተር ኤድዋርድ ዌይት፣ ያሳተመው ራይደር፣ ሥዕሉን የሣለችው ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ። ታዲያ ዓለም ለስንት ዘመን ምን ብሎ ጠራው? ራይደር ዌይት! ጎንበስ ብላ ሥዕሉን ሁሉ የሠራችው ሴት ከስሙም የለችም፣ የተከፈላትም እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በሰው አገር ጉዳይ እንዲህ መናደዴ ለእኔም ገርሞኛል።

ሥዕሉ መልካም ነው፣ አልዋሽም። ቅሬታዬ 9ኛው ካርታ ላይ ያለው ባሕታዊ ነው። በረዶ ላይ ቆሞ፣ ጭቃ የማያውቅ ካባ ለብሶ፣ ፋኖስ አንጠልጥሎ ቁልቁል ያያል። ምንም አይናገርም! እንጦጦ ብቅ ያለ ሰው ባሕታዊ ምን እንደሆነ ያውቃል። የእኛው ቢጫ ለብሶ፣ ፀጉሩን ጎንጉኖ፣ መቋሚያውን እያወዛወዘ፣ ሳትጠይቀው ኃጢአትህን በሕዝብ ፊት ይዘረዝርልሃል። ዝም የሚል ባሕታዊ ለማን ይጠቅማል?

ሁለተኛው ፓኮ የድመት ነው። ሙሉውን ድመት። ድመት ንጉሥ ሆኖ ዘውድ ጭኗል፣ ድመት ሠረገላ ይነዳል፣ ድመት ጨረቃ ሥር ያለቅሳል። ጳጳሱ ድመት ላይ ስንደርስ አማተብኩና እለፊው አልኳት። እኔ ቤት ያለችው ድመት አይጥ ሲመጣ መንገድ የምትለቅ ናት፤ የዛሬውን ያላወቀች ስለ ነገ ምን ልትነግረኝ ነው?

ሦስተኛው የቫምፓየር ነው፣ የደም መጣጭ። ስለ ትዳሯ ልትጠይቅ የመጣች ልጅ ደም መጣጭ ፊት ትቀመጥ? ይህን ያህል እንኳ የሚያስብ ሰው ጠፋ? የዘንዶም፣ የውሻም፣ የአበባም አለ ብላ በስልኳ አሳየችኝ። የእስፓኙ ሠዓሊ ሳልቫዶር ዳሊም የራሱን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1984 ታትሞለታል፤ አስማተኛው ራሱ ዳሊ፣ እቴጌዋ ሚስቱ ጋላ። ይህን ሰው ወደድኩት። ሲኮራ ሚስቱን አልረሳም።

"አባባ፣ እስቲ ለእርስዎ ልየው" አለች። ሦስት አስመዘዘችኝ፤ ያለፈው፣ ዛሬ፣ ነገ። ያለፈው ዜሮ ቁጥር ሆኖ ወጣ፤ ሽቅብ እያየ ወደ ገደል የሚራመድ ቂል። ዕድሜ ልኬን መዝገብ ቤት ሠርቼ አንድ ፋይል ሳላጠፋ ጡረታ የወጣሁት ሰውዬ ዜሮ! ዛሬዬ በአንድ እግሩ ተዘቅዝቆ የተሰቀለ ሰው ነው። ስለ ጉልበቴ ከሆነ እሺ ይሁን። ነገዬ ደግሞ 13 ቁጥር፣ አጽም በነጭ ፈረስ ተቀምጦ። ሞት። መምህሩ ጓደኛዬ ቆቡን ሊያወልቅ ምንም አልቀረው።

ልጅቱ ሳቀች። "አይደንግጡ፣ ሞት ማለት እኮ ሞት አይደለም፣ ለውጥ ነው" አለችኝ ከትንሿ መጽሐፍ እያነበበች። ቂሉም ቂል አይደለም፣ አዲስ ጅምር ነው። የተሰቀለውም ነገሩን በሌላ ዓይን እያየ ነው እንጂ አልተሰቀለም።

አንጀቴን ያሳረረው ይኼ ነው። ሞቱ ሞት ካልሆነ፣ ቂሉ ቂል ካልሆነ፣ 78 ሥዕል ማተም ለምን አስፈለገ? መጽሐፏን ከዳር እስከ ዳር አስነበብኳት። አንድ ክልከላ የለባትም! ረቡዕ አትውጣ አትልም፣ ይህን አትብላ አትልም፣ ያንን ሰው አታግባ አትልም። ልብሽን አዳምጪ ብቻ። ልቧን ማዳመጥ ብትችል ኖሮ ከዲሲ ድረስ ካርታ ትሸከም ነበር?

የእኛ ደብተራ አውደ ነገሥት ገልጦ ሲቀመጥ ወግ ነበረው። ስምህን ይጠይቃል፣ የእናትህን ስም ይጠይቃል፣ ፊደሉን በቁጥር መንዝሮ ይደምርና በ12 ይገድፈዋል። የተረፈው ኮከብህ ነው። ሐመል ነህ፣ እሳት ነህ ይልሃል። ከዚያ ትእዛዙ ይከተላል፤ ገብስማ ዶሮ አርደህ ብላ። አያችሁ? ዕጣው ባይሰምር ዶሮው ተበልቷል። ቤተሰብ ተሰብስቧል፣ ሽንኩርት ተቁላልቷል፣ ጎረቤት ሸትቶት መጥቷል። እነዚህን ሦስት ፓኮዎች አንድ ላይ ብታራግፏቸው አንድ ክንፍ እንኳ አይወጣቸውም።

ክታቡም ቢሆን በልክ ነበር የሚሠራው። ብራናው ብዙውን ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ይቆረጥ ነበር፤ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሄዶ ማየት ነው። አጭር ሰው በአጭር ብራና ይገላገላል፣ ረጅም ሰው ይከስራል። ፍትሕ አለው። ሽሮ ሜዳ የነበሩት ሲኒ አንባቢ ደግሞ የሰፈሩን ዕዳና ኩርፊያ በቃላቸው ያውቁ ነበር። ሲኒውን ገልብጠው አተላውን ከማየታቸው በፊት ዓይንህን አይተው ጨርሰዋል። "ከወንድምህ ጋር ታረቅ" ይሉሃል። መታረቅህ ነው! አለዚያ በሚቀጥለው ቡና ላይ ይጠይቁሃል። ድመቷ መታረቄን ትጠይቀኛለች?

ይህን ሁሉ ስናገር የልጄ ልጅ የተደገፍኩትን ግንድ እያየች "አባባ፣ ይሄ ባሕር ዛፍስ በምኒልክ ጊዜ ከአውስትራሊያ የመጣ አይደል?" አለችኝ። መምህሩም ጉሮሮውን ጠረገ፤ የአውደ ነገሥቱ 12 ከዋክብትም በዐረቦች በኩል ነው የመጡልን አለ። የአንድ ቀን ወዳጅ አይደለም ይህ ሰው፤ ግን ሁልጊዜ ከልጅ ጋር ይወግናል። ባሕር ዛፍ ቢያንስ ይነዳል አልኩና ነገሩን ዘጋሁት።

ቤት ስንገባ ሐሳቧን አወጣችው። የእንጦጦ ካርታ ልትሠራ ነው። እንግዲህ ከተሠራ አይቀር በደንብ ይሠራ ብዬ ለጥቂት ቀን አማካሪ ሆንኩ። ንጉሡ ዐፄ ምኒልክ ናቸው፣ ክርክር የለውም፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት እዚሁ ማርያም ነው። እቴጌዋ ጣይቱ ናቸው፤ ግን የእንግሊዞቹ እቴጌ ትራስ ተደግፋ ተንጋላለች፣ የእኛዋ ቆመው ይሣሉ። ፍልውሃን አይተው አዲስ አበባን ያስጀመሩ ሴትዮ ምን ጊዜ አግኝተው ይጋደማሉ? 17ኛው ካርታ ኮከቡ ነው። እሱ ላይ እዚሁ ጋራ አናት ላይ ያሉት ባለ 1 ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች ይግቡ፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው 72 ኪሎዋ ሳተላይታችንም አትቅር፣ የምድር ጣቢያዋ እዚሁ ነው። ጎረቤታችን እማማ "እነዚያ የቴሌስኮፑ ሰዎች የልጄን ኮከብ ያዩልኝ ይሆን?" ብለው ሲጠይቁኝ ከርመዋል።

ብርታት የሚባለው ካርታ ላይ አንዲት ሴት የአንበሳ አፍ ትዘጋለች። አውልቂው አልኳት። ከእንጦጦ ወገብ የሚያጎብጥ የባሕር ዛፍ ሸክም አዝላ ቁልቁል የምትወርደውን ሴት አድርጊ፤ አንበሳው ራሱ መንገድ ይለቅላታል። 13 ቁጥር ላይ ግን ተጣላን። እሷ ሞት ይሁን ትላለች። 13 እኛ ዘንድ ጳጉሜን ነው፤ በሩፋኤል ዕለት ልጆች ራቁታቸውን ዝናብ የሚጠመቁበት ወር ነው፣ ማንም አይሞትበትም። ይህን እስካሁን አልተስማማንበትም።

ትናንት ደግሞ ደጅ ጋቢዬን ተከናንቤ ፀሐይ ስሞቅ ሳታስፈቅደኝ ፎቶ አነሳችኝ። ለባሕታዊው ነው አለች። ባሕታዊ ሚስት የለውም፤ ባለቤቴ ብትሰማ ከሰይጣኑ ካርታ ጋር ታጣብቀኛለች። ካልቀረ ግን የጋቢው ጥለት በፊት ይታይ፣ መነጽሬም ይጠረግ። ፋኖስ ደግሞ አልይዝም፤ መብራት ሲጠፋ እኔ የማበራው ባትሪ ነው።